ስባሪ ምጣድና አንድ ስኒ ኑግ

ልጄ፣ በስልክሽ ያሳየሽኝን የባሕር ማዶ ግቢ ቪዲዮ አይቼ ዝም ብዬሽ ነበር። የመስታወት ቤት የመሰለ የወፍ መመገቢያ፣ በዙሪያው የሚንጫጩ ወፎች። «እዚህ ነቀምቴ ይህን ብሰቅል ይመጡ ይሆን? ከአዲስ አበባ ማስመጣቱስ ስንት ያስወጣኛል?» አልሽኝ። ነገሩን ላሳድረው ብዬ ነው እንጂ መልሱስ አጭር ነው። ይመጣሉ። ከአዲስ አበባ ግን ምንም አታስመጪ፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

አስቀድሜ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። በቪዲዮው ላይ አንዲት ቢጫ ወፍ ከመመገቢያው ቀዳዳ እየመዘዘች ስትበላው ያየሻት ጥቁር ቀጭን ፍሬ ምን መሰለሽ? ኑግ ነው። ይኸው እናትሽ የምትወቅጠው፣ በመስከረምና በጥቅምት የወለጋን ማሳ ቢጫ የሚያለብሰው፣ ንብ የሚያሰክረው ኑግ። መገኛው ኢትዮጵያ ነው፤ ጥንት ወደ ሕንድ ተሻግሮ እዚያም ተስፋፍቷል። ፈረንጆቹ ኒጀር እያሉ ከሕንድና ከኛ ይገዙታል፤ ዘይት ሊጨምቁት ሳይሆን ለወፍ ሊሰጡት። አሜሪካ ሲገባማ እንደ ክር የሚጠመጠም ጥገኛ አረም አብሮት እንዳይበቅል በ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ለ15 ደቂቃ በሙቀት ይመታል። እንግዲህ እነሱ በውድ ዋጋ በከረጢት የሚገዙትን አንቺ ከገበያ በስኒ ትሰፍሪዋለሽ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባል የለ? ያገሩን ወፍ ባገሩ ጥሬ ነው የምትጠሪው።

ይሁንና ከኑጉ እንዳትጀምሪ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥሬ ሰቅሎ ወፍ ይጠብቃል። ወፍ እህል ከማየቷ በፊት የምትሸሸግበትን ታያለች፣ ውሃ ታያለች፣ ድመት መኖር አለመኖሩን ታያለች። ጥሬው የመጨረሻው ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ምንም አያስከፍልም፤ እንዲያውም ድካም ይቀንስልሻል። መጥረጊያሽን አሳርፊው። እኛ ግቢ ንጹሕ ነው የምንለው አፈሩ ተላጭቶ ሲያብረቀርቅ ነው። እናቶቻችን እንዲያ አስተምረውናል፤ እባብ እንዳይሸሸግ ብለውም ነው፤ አልነቅፋቸውም። ደጃፍሽንና መንገድሽን ጥረጊ። ከቤቱ ራቅ ያለውን አንዱን የአጥር ጥግ ግን ተዪው። ቅጠሉ ይርገፍበት፣ ሣሩ ዘር ይያዝ፣ ግራዋው ይንሰራፋ። ከቅጠሉ ሥር ትል፣ ጉንዳንና አንበጣ ይራባል። ሸማኔ ወፍና ድንቢጥ ጥሬ በል ናቸው ብለሽ እንዳትታለይ፤ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በትልና በነፍሳት ነው። ጓሮሽ ላይ የነፍሳት መድኃኒት መርጨት ያበዛሽ እንደሆነ ጥሬ ብታፈሺ የሚቀመጥ ጎጆ አታገኚም። ያን ጥግ እንዳይነኩት ለአከራይሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ አለዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለሺ የቀን ሠራተኛ ቀጥረው አጽድተው ይጠብቁሻል፣ ምስጋናም ይፈልጋሉ።

ቀጥሎ ውሃ። ማጀት ግቢና የተሰበረውን ምጣድ ፈልጊ፤ የሌለበት ቤት አላውቅም። ከጠርዙ የተገመሰ ምጣድ ለወፍ መታጠቢያ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ሰፊ ነው፤ ጥልቀት የለውም፤ ሸክላው ሻካራ ስለሆነ እግር አያንሸራትትም። ሦስት ድንጋይ ጎልተሽ አስቀምጪው፤ ለመሆኑ ጉልቻስ ከማን ያንሳል? መሐል ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አኑሪና ውሃውን ከሁለት ጣት ሳታስበልጪ አፍስሺበት። ጥልቅ ሳፋ ትንሽ ወፍ ያሰጥማል። ከዚያ በመስኮት አጠገብ ተቀምጠሽ እዪ። ዋኖስ፣ ኦሮሞው ጉጌ የሚላት፣ መንቁሯን ነክራ ሳታነሣ ትመጠምጣለች። ድንቢጥ ደግሞ ጠብታዋን ትይዝና ለመዋጥ አንገቷን ወደ ላይ ታቀናለች፤ ደግማ ጎንበስ፣ ደግማ ቀና። ይህን አንዴ ካየሽ ማንኛዋ እንደመጣች ከሩቅ በአጠጣጧ ትለያታለሽ።

ውሃውን በየቀኑ፣ ካልሆነ በሁለት ቀን ለውጪው። የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል፤ በየቀኑ የሚደፋ ውሃ ላይ አትደርስም። ወለጋ ወባን የሚረሳ አገር አይደለምና ይህን እንደ ቀልድ አትዪው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ወይና ደጋ ናት፤ ወደ ጊምቢ ስትወርጂ የምታቋርጪው የዲዴሳ ሸለቆ ግን ያቃጥላል። እዚያ የሚኖር ዘመድ ካለሽ ለእሱ ምክሬ ውሃ ብቻ ነው፤ በበጋ ቆላ ላይ አንድ ምጣድ ውሃ ከአንድ ኩንታል ማሽላ በላይ ወፍ ይሰበስባል። ሻምቡ ያለችው እህትሽ ደግሞ ብርዳም ደጋ ላይ ናትና ስለ አጥር ቁጥቋጦዋ ታስብ።

ስለ ተክሉ ትንሽ ላርዝም፤ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። በአጥርሽ ላይ ኮርች፣ በኦሮምኛ ዋሌንሱ፣ አለ? ከሌለ ከጎረቤት አንድ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ለምነሽ በክረምት መግቢያ ስኪው፤ ይይዛል። ገበሬው ሕያው አጥር የሚያደርገው በከንቱ አይደለም። በበጋ ያ ቀይ አበባው ሲፈነዳ አበባ ቀሳሚዎቹ ይመጣሉ። እነዚህ ትንንሾች፣ መንቁራቸው እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ወንዶቹ በፀሐይ አረንጓዴና ሐምራዊ ሆነው የሚያብለጨልጩ ናቸው። በቪዲዮሽ ላይ በአየር ላይ ተንሳፍፈው ስኳር ውሃ የሚጠጡት ወፎች አፍሪካ ውስጥ የሉም፤ የኛዎቹ ቅርንጫፍ ጨብጠው ተቀምጠው ነው የሚቀስሙት። ስለዚህ ያ ቀይ የስኳር ጠርሙስ ይቅርብሽ። በአራት እጅ ውሃ አንድ እጅ ስኳር እየበጠበጡ መስጠት ይቻላል፤ ማር ግን ቶሎ ይቦካልና ይጎዳቸዋል፣ ቀለምም አያስፈልግም። ነገር ግን የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ፣ እዚሁ ወለጋ ተቀምጦልን ስኳሩን በስንት እንደምንገዛው አንቺም ታውቂዋለሽ። አበባው ነፃ ነው። እሬት ትከይ፤ የሙዝሽን አበባ ቶሎ አትቁረጪ፤ ከመሥሪያ ቤት አጥር ላይ የምታዪው ቦትል ብራሽና ግራቪሊያም ይወዷቸዋል።

ፍሬ በሎቹ ዛፍ ይፈልጋሉ። ሾላ ለትንሽ ግቢ አይሆንም፤ ሥሩ ግድግዳ ይፈነቅላል። ወንዝ ዳር ወይም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለውን ሾላ እንዳይቆርጡት ብትናገሪ ግን የራስሽን የተከልሽ ያህል ነው። ሶሪት የምንላት፣ አረንጓዴ ለብሳ ስትበር ክንፏ ሥር ደም የመሰለ ቀይ የምታሳየው፣ ከሾላና ከጥቅጥቅ ዛፍ አትርቅም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የትም አገር የማትገኘው አረንጓዴ ትንሽ በቀቀንም ሾላ ወዳጅ ናት፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። ለጓሮሽ ዋንዛ ይሻላል። ፍሬው ጣፋጭ ነው፣ ልጆችም ይሻሙበታል፣ ለቡናሽም ጥላ ይሆናል። ፓፓያ ካለሽ ከላይ ያለውን፣ እጅሽ የማይደርስበትን፣ ለወፍ ተዪላት። ያቺ ቁንጮዋ ቆሞ ጅራቷ ረጅም ግራጫ ወፍ ብትመጣ ግን ፓፓያ ብቻ አይበቃትም፤ የሰላጣ ችግኝሽንም ታነሣዋለች። ሸፍኚው።

አንድ ተክል እንዳያታልልሽ። የወፍ ቆሎ የሚባለው፣ አበባው ቢጫና ሮዝ የተቀላቀለበት ቁጥቋጦ፣ ስሙም ፍሬውም ለዚህ ጉዳይ የተፈጠረ ይመስላል። መጤ ወራሪ ነው፤ ከብት ከበላው ይመርዛል። ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ግጦሽ ላይ ይጥሉታል። አትትከዪው፤ ካለሽም ንቀዪው።

አሁን ወደ ጥሬው። ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ታጥቦ ሲደርቅ ጎንና ጎኑን ክፈቺው፣ ከታች በኩል አራት ጣት ጠርዝ አስቀሪ። ወለሉን በጋለ ሚስማር ብሺው፣ ውሃ እንዳይቋጥር። እኛ ዘንድ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነውና ከላይ ቁራጭ ቆርቆሮ ካልደፋሽበት ጥሬሽ በሦስት ቀን ይሻግታል፤ የሻገተ እህል ወፍ ይገድላል። ለኑጉ ሌላ ዘዴ አለ። ሴቶች የሚለብሱት ስስ ናይለን ካልሲ ሲተለተል አትጣዪው፤ አንድ ስኒ ኑግ ሞልተሽ አፉን ቋጥሪና አንጠልጥዪው። ትንንሾቹ ጥሬ ለቃሚዎች እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥለው በወንፊቱ በኩል አንድ አንድ ፍሬ ይመዛሉ። ወይም ባዶ ሃይላንድ ወስደሽ በጋለ ወስፌ ጥቃቅን ቀዳዳ አውጪበትና ከሥሩ እንጨት ሰክተሽ ማረፊያ አድርጊላቸው። ወጪሽ ሲባጎው ነው።

በጀሪካኑ ላይ ዳጉሳ፣ የማሽላ ስባሪ፣ የጤፍ ግርድ፣ ለዋኖሶቹ የተከካ በቆሎ አድርጊ። በቀን አንድ እፍኝ ይበቃል፤ ማታ ምንም ካልቀረ ልኩ ነው ማለት ነው። ጨው የነካው ነገር፣ የወጥ እንጀራ፣ የተቀቀለ ሩዝ ከነቅባቱ አይሆንም። ኑግ ቅባታም ስለሆነ ይቆይና ይሸታል፤ ጥቂት ጥቂት ግዢ። አሁን የምነግርሽን ግን በደንብ ስሚኝ። ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጡት የበቆሎ ዝርያዎች፣ ቢኤች-660ም ሆነ ቢኤች-661፣ ለዘር ሲሸጡ በመድኃኒት ይታሻሉ፤ ቀይ ወይም ሮዝ ቀለም የሚያሳዩት ለዚህ ነው። ከዘር የተረፈ ነው ብሎ ሰው በነፃ ቢሰጥሽ አትቀበዪ። ለወፍም፣ ለዶሮም፣ ለሰውም መርዝ ነው። አጥበሽም አይለቅም።

መቼ ልጀምር ትዪኝ ይሆናል። ሰው ወፍ የምትራበው በበጋ፣ ሣሩ ሲደርቅ ይመስለዋል። ጥሬ ለቃሚዋ በበጋ አትራብም፤ መሬቱ በረገፈ የሣር ዘር የተሞላ ነው። ጭንቋ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥልና ያ ሁሉ ዘር በአንድ ሳምንት ሲበቅል ነው። የበቀለ ዘር አይበላም፤ አዲሱ ሣር ደግሞ ገና አላፈራም። ገበሬውም ጎተራው ባዶ የሚሆንበት ወቅት ያው ነው፤ ሰኔን ማን ይረሳል? ስለዚህ በአቅምሽ ዓመቱን ሙሉ መስጠት ካልቻልሽ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ስጪ። መኸር ሲደርስ ብትተዪ አይጎዱም።

ከሰቀልሽ በኋላ ሳምንት ሙሉ አንዲት ወፍ ላታዪ ትችያለሽ። ቦታ እየቀያየርሽ አታስደንብሪያቸው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እዚህ ወለጋ «ሱታ ሱታን ሀንቃቁን ሚላን ዴምቲ» እንላለን፤ አማርኛው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው። ድንቢጥ ቀድማ ትመጣለች፤ እሷ ሰው ለምዳለች። ድንቢጥ ስትበላ ሌሎቹ ያያሉ፤ ከዚያ እነዚያ ሆዳቸው ሰማያዊ፣ የወንዶቹ ጉንጭ ቀይ የሆነ ጥቃቅኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው መሬት ላይ ይለቅማሉ። ዋኖስ መጨረሻ ላይ ነው፤ ፈሪ ናት።

የመስቀል ወፍንም ጠይቀሽኛል። ዘመድ ሲጠፋ «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ» ብለን እንወቅሰዋለን። ወፏን ግን ያለ ጥፋቷ ነው የምናማት። የመስቀል ወፍ ከምንላቸው ብዙዎቹ የትም አይሄዱም። ወንዱ በክረምት ማብቂያ ለሚስት ፍለጋ ቀይ ወይም ቢጫ ከጥቁር ጋር ይለብሳል፣ አንዳንዱ ረጅም ጅራት ያወጣል። ወቅቱ ሲያልፍ ልብሱን አውልቆ እንደ ሚስቱ ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆናል። በጥር ጀሪካንሽ ላይ ድንቢጥ ናት ብለሽ ያለፍሻት ያው የመስከረሙ ጌታ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ መንገደኞቹ ሌሎች ናቸው። በመስከረም ከብት እግር ሥር ጅራታቸውን እያወዛወዙ ነፍሳት የሚለቅሙት ሆደ ቢጫዎች ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ናቸው፤ ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ።

ጠላቶቻቸውን ደግሞ እወቂ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ፤ ወተት ጠጥታ የጠገበችም ወፍ ታድናለች። መመገቢያውን ከሰው ቁመት በላይ ስቀዪው፤ ከቁጥቋጦ ሁለት ሦስት ሜትር አርቂው። ወፏ ጭላት ስታይ በአንድ በረራ ትገባበታለች፣ ድመቷ ግን ከውስጡ ዘላ አትደርስባትም። መስኮትሽ ትልቅ መስታወት ከሆነም ወይ ከ1 ሜትር በታች አስጠጊው፣ ወይ 10 ሜትር ያህል አርቂው፤ መካከሉ ላይ ሲሆን በሙሉ ኃይላቸው በርረው ይጋጩበታል። አይጥም አለ። የፈሰሰ ጥሬ አይጥ ይጠራል፤ ከዚያ አከራይሽ ወፎቹን ያባርራሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ለዚህ ርካሽ መድኃኒት አለ። ጨውና ቅመም ያልገባበት የተፈጨ ዛላ በርበሬ ጥሬው ላይ በትኚበት። በርበሬ ወፍን አያቃጥላትም፤ እኛንና አይጥን የሚያንገበግበው ነገር አፏ ላይ አይሰማትም። በአጥር ሥር ማንም ሳይዘራው ወፍ ዘራሽ ሚጥሚጣ የሚበቅለው ለዚህ ነው። ስትበትኚ ግን ነፋስ በጀርባሽ ይሁን።

ዶሮ ካረባሽ መመገቢያውን ከዶሮ ቤቱ አርቂ። ፈንግልም ሌላም በሽታ በኩስና በውሃ ይሻገራል። ጀሪካኑንና ምጣዱን በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ እጅ በረኪና ዘጠኝ እጅ ውሃ አድርገሽ እጠቢ፣ አለቅልቀሽ አድርቂ። ላባዋ የተንጨፈረረ፣ ሰው ሲቀርባት የማትበር ወፍ ካየሽ ሁሉንም ለሁለት ሳምንት አውርጂ። ወፎቹ ይበተናሉ፤ በሽታው መተላለፉም ይቀንሳል።

የከተማው ዳር ላይ ያለ ገበሬ ጎረቤት ካለሽ ደግሞ አስቢለት። ማሽላና ዳጉሳው እሸት ሲይዝ ልጆቹ ማማ ላይ ወጥተው እየጮኹ ወፍ ሲጠብቁ፣ አንቺ በአጥሩ ጀርባ ወፍ ብትጠሪ ፍቅር አይኖርም። በስምጥ ሸለቆ ግሪሳ ሲወርድ በአውሮፕላን መድኃኒት እስከ መርጨት የሚደረሰው ገበሬው ጨክኖ አይደለም። በዚያን ወር አውርጂው። ያንን ካደረግሽለት በሌላው ጊዜ ራሱ ግርዱን ያመጣልሻል።

የቀሩት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ወንጭፋቸውን አትቀሚያቸው፤ ነገ ሌላ ይሠራሉ። አንዱን ጥሪና ምጣዱን የሚያጥብ፣ ውሃውን የሚለውጥ እሱ ይሁን፤ የመጣችውን ወፍ ሁሉ በኦሮምኛም በአማርኛም ስሟን ይንገርሽ። ያን ሥራ የያዘ ልጅ ሌላው እንዳይወነጭፍ እሱ ራሱ ዘብ ይቆማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና በተርታው ያሉት ቤቶች አንድ አንድ ምጣድ ቢያስቀምጡ፣ አንድ አንድ ኮርች ቢተክሉ፣ ጥሬ የሚያስፈልግሽ በሰኔ ብቻ ይሆናል። ወፍ ይዞ በቅርጫት ሊሸጥልሽ የሚመጣ ካለም እንዳትገዢው፤ የዱር ወፍን ያለ ፈቃድ መያዝና መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። አሁን ሂጂና ከማጀት ስባሪ ምጣዱን አውጪ፤ ኑጉን በሚቀጥለው ገበያ እንገዛዋለን።